እንቁላሉ ለማን ይሁን?

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ወንድ ነው፤ 13 ዓመት ሞልቶታል፣ ሰባተኛ ክፍል ነው። ትንሿ አሥር ወሯ ነው። ወንዱ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አጭር ነው። ባለፈው ሳምንት ግድግዳ አስደግፌ ስለካው 140 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ዓምና በዚሁ ጊዜ 135 ነበር። አባቱ 168 ነው፣ እኔ 155 ነኝ። ድምፁ ገና አልጎረነነም። ልጆቹ ‹ድንክ› እያሉት ኳስ ሜዳ መሄድ ትቷል።

ጥፋቱ የኔ ይመስለኛል። እሱን ስወልድ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነበር። ሁለት ወር ሲሞላው ወደ ሥራ ተመለስኩ። ቀን ቀን እናቴ በውኃ የቀጠነ የላም ወተትና አጥሚት ትሰጠው ነበር። ከዚያ ተቅማጥ ተመላለሰበትና ከሳ። ጤና ጣቢያ ‹ቀንጭሯል› አሉኝ። አሁን አንዷ ጎረቤቴ ‹ከሁለት ዓመት በኋላ ቁመት አይመለስም፣ አትልፊ› ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ ከውጭ የመጣ ቁመት የሚጨምር ዱቄት በ4,500 ብር ግዢ ትለኛለች። ባለቤቴ የቀን ሠራተኛ ነው። በቀን ከአንድ እንቁላል በላይ አንችልም። ልጄ ይጾማል፣ በፍስኩም ጠዋት ሻይ በዳቦ በልቶ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። እንቁላሉን ለማን ልስጠው? ለወንዱ ወይስ ለሕፃኗ? እውነት ረፍዶበታል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በዕድሜ የምበልጥሽ ይመስለኛልና አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ።

ከእንቁላሉ ልጀምር፤ ነገ ጠዋት የምትወስኚው እሱን ነውና። ለሕፃኗ ስጪያት።

ይህን ስትሰሚ ሆድሽ እንደሚባባ አውቃለሁ። የተጎዳው ትልቁ ነው፤ እሱን መካስ ነው የፈለግሽው። ነገር ግን የሁለቱን ሆድ አስቢው። የአሥር ወር ልጅ ሆድ ትንሽ ነው። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ብርጭቆ እምብዛም አይበልጥም። በዚያች ቦታ የሚገባው ምግብ ቀጭን አጥሚት ከሆነ ሆዷ ይሞላል፣ ሰውነቷ ግን ይራባል። አንድ እንቁላል በትንሽ ቦታ ብዙ ይዞ ይገባላታል። ወንድሟ ግን ሰፊ ሆድ አለው። ሽሮውን፣ ንፍሮውን፣ በሶውን እስኪጠግብ መብላት ይችላል። እሱ ብዙ በመብላት የሚያገኘውን እሷ በምንም መንገድ አታገኘውም።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ልጅ ሲወለድ ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 25 ያህል ይጨምራል። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ወደ 12። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በዓመት አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፣ እስኪጎረምስ ድረስ። ልጅሽ ዓመት ሙሉ ያደጋትን አምስት ሴንቲ ሜትር ሕፃን ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት በስድስትና በሰባት ሳምንት ታድጋታለች። ሴቷ ልጅሽ አሁን በዚህ ፈጣን ጊዜ ውስጥ ናት። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያለውን ጊዜ የጤና ባለሙያዎች «1,000ዎቹ ቀናት» የሚሉት ለዚህ ነው። ለእሷ ገና ዓመት ከሁለት ወር አለሽ።

ስለ ወንዱ ከመናገሬ በፊት ግን «ጥፋቱ የኔ ነው» ያልሽው አላስቀመጠኝም።

እሱን ስትወልጂ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው ወደ 90 ቀን ያሳደገው። በአንድ በኩል «እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ» ተባልሽ። በሌላ በኩል በሁለት ወር ማሽን ፊት ቁሚ ተባልሽ። በመሃል ያሉትን አራት ወራት ማን ይሙላቸው? እናትሽ በአላት አቅም ሞላቻቸው። በውኃ የቀጠነ ወተት ለሕፃን እንደማይሆን እሷ እንዴት ታውቃለች? ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ ይመጣል። ተቅማጥ ሲመላለስ አንጀት ይጎዳል። የተጎዳ አንጀት ደግሞ የበላውን እንኳ በደንብ አያስገባም። ልጅ የሚቀነጭረው በምግብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ በሕመም ብዛትም ነው።

ብቻሽንም አልነበርሽም። ልጅሽ ከመወለዱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 44ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ1992ቱ ዳሰሳ 58 ነበሩ። በ2011ዱ ደግሞ 37 ሆነዋል። እንግዲህ እነዚያ ሁሉ እናቶች ግድ የለሽ ነበሩ ልንል ነው? ቁጥሩ የወረደው እናቶች ድንገት ጎበዝ ስለሆኑ አይደለም። ውኃ፣ ክትባት፣ የጤና ኤክስቴንሽን፣ መንገድና ትምህርት ስለገቡ ነው። ጥፋተኛ ብለሽ ራስሽን ስትገርፊ የምታባክኚው ጉልበት ለሁለቱ ልጆች ቁርስ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ ቃል። «ከሁለት ዓመት በኋላ አይመለስም» ያለችው ከሜዳ የተነሣ ወሬ አይደለም። በጓቲማላ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች የተደረገ ዝነኛ ጥናት አለ። በሁለቱ መንደሮች ላሉ ልጆች ፕሮቲን የበዛበት፣ የኛን አጥሚት የሚመስል ወፍራም መጠጥ ይሰጥ ነበር። በሌሎቹ ሁለት መንደሮች የተሰጠው ፕሮቲን የሌለበት ቀጭን ጣፋጭ መጠጥ ነበር። አጥሚት መሳዩን ከሦስት ዓመት በታች ሆነው ያገኙት ልጆች በቁመት በለጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያገኙት ግን በቁመት እምብዛም አልተጠቀሙም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያገኙት ወንዶች አድገው ሥራ ሲይዙ የሰዓት ገቢያቸው በ46 በመቶ በልጦ ተገኘ። ለዚህ ነው ስለ ሕፃኗ አጥብቄ የነገርኩሽ።

ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። በጋምቢያ ኬኔባ በሚባል ገጠር ተመራማሪዎች ልጆችን ከሕፃንነት እስከ አዋቂነት ሲለኩ ኖረዋል። በሕፃንነታቸው በጣም የቀነጨሩት ልጆች በጉርምስና ጊዜ ያጡትን ብዙ ቁመት መለሱ። እንዴት? ጉርምስናቸው ዘገየ። ስለዘገየ ሌሎች ልጆች ማደግ ሲያቆሙ እነሱ ማደጋቸውን ቀጠሉ። ወንዶቹ ሃያ ዓመት ካለፋቸውም በኋላ ይጨምሩ ነበር። በእኛም አገር «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት አገሮች 12,000 ልጆችን ይከታተላል። ከእነዚህ 3,000ዎቹ የኛ ናቸው። በአንድ ዓመታቸው ቀንጭረው ከነበሩት አንዳንዶቹ ኋላ ላይ ከእኩዮቻቸው ተጠግተዋል። የተጠጉትም ቀንጭረው ከቀሩት ይልቅ በትምህርት ፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ስለዚህ ጎረቤትሽ ግማሹን ይዛለች።

ልጅሽን በራሱ ቁጥር እንየው። ዓምና 135፣ ዘንድሮ 140። በዓመት አምስት ሴንቲ ሜትር። ገና ላልጎረመሰ ልጅ ይህ ደኅና እድገት ነው። ቆሞ የቀረ ልጅ አይደለም። ድምፁም አልጎረነነም ብለሻል። ወንድ ልጅ በፍጥነት የሚመዘዘው ብዙውን ጊዜ 14 ዓመት አካባቢ ነው። በዚያ ዓመት ዘጠኝ፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ሴቶች ቀድመው 12 ዓመት አካባቢ ይመዘዛሉ። ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ከወንዶቹ ረዝመው የሚታዩት ለዚህ ነው። ይህን ለልጅሽ ንገሪው፤ ብዙ ልጆች የሚያሳፍራቸው ስለማያውቁት ነው። ሰው በጉርምስናው ጊዜ ብቻ ከአዋቂ ቁመቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ከአዋቂ ክብደቱ ደግሞ ግማሽ ያህሉን ያገኛል። ልጅሽ ይህ ሁሉ ከፊቱ ነው።

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ለወንድ ልጅ የአባትና የእናትን ቁመት ደምሪ፣ 13 ጨምሪ፣ ለሁለት አካፍዪ። 168 እና 155 ሲደመር 323 ነው። 13 ሲጨመር 336። ለሁለት ሲካፈል 168። ከዚያ ወደ ስምንት ሴንቲ ሜትር ወዲህና ወዲያ ይላል። (ለሴቷ 13ቱን ትቀንሻለሽ።) ይህ የዘሩ ድርሻ ነው። በሕፃንነቱ ያጣውን ሁሉ ይመልሳል ብዬ አልዋሽሽም። ከአባቱ ትንሽ ሊያጥር ይችላል። ግን 140 ላይ የሚቀር ልጅ አይመስለኝም።

ሆኖም ጤና ጣቢያ ውሰጂው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የ13 ዓመት ወንድ መካከለኛ ቁመት 156 ገደማ ነው። «ከዚህ በታች ከሆነ ይታይ» የሚባለው ወሰን ደግሞ 141 አካባቢ ነው። ልጅሽ ከወሰኑ ትንሽ በታች ነው። ክብደቱን ይለኩት። ደሙን ይዩት፤ ደም ማነስ ካለ የብረት መድኃኒት በመጠኑ ያዙለታል። አንቺ ግን ሳይመረመር ከፋርማሲ ገዝተሽ አትስጪው። ሰገራውንም ያሳዩለት፤ የሆድ ትላትል የሚበላውን ይሻማዋልና። የጉርምስና ምልክት መጀመሩንም ባለሙያ ያያል። በወንዶች መጀመሪያ የሚታየው የዘር ፍሬ ማደግ ነው፤ ድምፅና ፂም ኋላ ነው የሚመጡት። ምናልባት ጀምሮም ይሆናል። 14 ዓመት ሞልቶት ምንም ምልክት ከሌለ፣ ወይም በዓመት ከአራት ሴንቲ ሜትር በታች ካደገ፣ ወደ ሆስፒታል ሕፃናት ሐኪም ይላክ። የግራ እጁን አንጓ ራጅ አንሥተው የአጥንቱን ዕድሜ ያያሉ። ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ውኃ እየጠጣ ቶሎ ቶሎ ከሸና፣ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ ከመጣበት ግን ቀን አትቁጠሪ።

ዱቄቱን አትግዢው። አጥንት የሚያድገው ጫፉ አካባቢ ባለች ለስላሳ ቦታ ነው። ያቺ ቦታ በጉርምስና ማብቂያ ትዘጋለች። እሷን የሚያስረዝም ዱቄት የለም። ጣሳው ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ወተት፣ ስኳርና ቫይታሚን ነው። በ4,500 ብር ስንት እንቁላል፣ ስንት ሊትር ወተት፣ ስንት ኪሎ ምስር እንደሚመጣ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላም ነገር ልጨምር፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። በየመንደሩ «ሰውነት የሚያወፍር» እየተባለ የሚሸጥ ኪኒን አለ። ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን፣ ሰዎች «ዴክሳ» የሚሉት ነው። ፊት ያሳብጣል፣ ልጁ የወፈረ ይመስላል። ግን ልጅ ያለ ሐኪም ሲወስደው ከሚጎዳው አንዱ ራሱ ቁመት ነው፤ እድገትን ያቀጭጫል። ማንም ቢያመጣልሽ እንዳትቀበዪ።

ወደ ማዕዱ እንምጣ። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ሻይ በዳቦ ነው።

ብዙ የአገራችን ልጅ በሻይ በዳቦ ነው ቀኑን የሚጀምረው። ዳቦው ሆድ ይሞላል፣ ስኳሩ ለአንድ ሰዓት ያነቃል። ሻይ ደግሞ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ይይዝና ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ቡናም እንዲሁ ነው። የሚጎረምስ ልጅ ደሙም ጡንቻውም አብሮ ስለሚያድግ ብረት ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልገዋል። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው ሻዩን ከቁርሱ ጋር የምንሰጠው። ሻይ ከወደደ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ይጠጣ። ቁርሱን ደግሞ ቀይሪው። አንቺ ያለሽው በገብስ አገር ነው! በሶ በስኳር ወይም በማር ተበጥብጦ፣ ወይም በዘይት ተለውሶ። ትናንት ማታ የተረፈ ሽሮ በእንጀራ ፍርፍር። ንፍሮ። በፍስክ ቀን አንድ ብርጭቆ ወተት። ገንዘብ በተገኘ ሳምንት ለእሱም ሁለት ሦስት እንቁላል። ዳቦውም ይኑር፤ ብቻውን ግን አይሁን።

በትምህርት ቤት ቦርሳው ውስጥ ቆሎ ጨምሪለት። ገብሱ ላይ ሽምብራና ለውዝ ሲቀላቀልበት ጥሩ ምግብ ነው። ልጆች በየሱቁ ከሚገዙት ቺፕስና ለስላሳ መጠጥ ጋር አይወዳደርም። ስለ ጣፋጩ ደግሞ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ ኋላ ላይ በስኳርና በቅባት በፍጥነት ከወፈረ፣ ሲያድግ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል። «ይወፍርልኝ» ብለሽ ለስላሳ አታጠጪው።

ዋናው ምግቡ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር ይሁን። በብዛት ይሁን። ሲጎረምስ ከአባቱ እኩል ቢበላ አትደነቂ፣ «ሆዳም» ብለሽም አታሸማቅቂው። ከሽሮው ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ይጠጋ። እነዚህ ብረቱን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛሉ። እንጀራው በደንብ የቦካ ይሁን። ጤፍም ሆነ ጥራጥሬ ብረቱንና ዚንኩን አስሮ የሚይዝ ነገር አለው፤ ቡኮው ሲቦካ እሱ ይቀንሳል። ባቄላና አተር ዘፍዝፎ ማብቀልም እንዲሁ ይረዳል። እናቶቻችን ለጾም በቆልት ሲሠሩ ይህን ሳያውቁት ትክክል ነበሩ።

አጥንትን በተመለከተ፣ ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል ይባላል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ነው። ቀሪው ከጤፍ፣ ከሐበሻ ጎመን፣ ከሰሊጥ ይለቃቀማል። ጎመንን «የድሃ ወጥ» የሚሉ አሉ፤ ያናድደኛል። ለልጅሽ አጥንት ከዚያ ውድ ዱቄት ይበልጣል። ፀሐይም ይውጣ፤ ካልሲየሙ አጥንት ውስጥ የሚገባው በፀሐይ በሚገኘው ቫይታሚን ዲ ነው። ኳስ ሜዳ መሄድ መተዉ ያሳሰበኝ በዚህም ምክንያት ነው። ጨው አዮዲን ያለበትን ግዢ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው። የእድገት ነገር ሲነሣ አዮዲንን ሰው ይረሳዋል። የጎደለው ልጅ ግን እንቅርት ብቻ ሳይሆን አእምሮውም ቁመቱም ይጎዳል።

እንቅልፉንም ጠብቂለት። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይተኛ። ስልኩ ከመኝታው ይውጣ።

ስለ ጾሙ። ልጅሽ ፈቅዶ፣ በእምነቱ ደስ ብሎት ይጾማል ብዬ እገምታለሁ፤ ይህን ከእሱ መንጠቅ አልፈልግም። ግን የዓመቱን ጾም ሁሉ የሚጾም ሰው ከግማሽ ዓመት በላይ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ አይቀምስም። ለሚያድግ ልጅ ይህ ከባድ ነው። የንስሐ አባታችሁን አነጋግሪያቸው። ቁመቱን፣ ጤና ጣቢያ ያሉትን፣ ሁሉንም ንገሪያቸው። ለታመመና ለደካማ ማዘዝ የእነሱ ሥልጣን ነው፤ ብዙ አባቶች ለልጅ ያዝናሉ። ምናልባት ረቡዕና ዓርብን ብቻ ጹም ይሉት ይሆናል። ምናልባት እስከ ስድስት ሰዓት ሳይበላ መቆየቱን ያስቀሩለታል። እስከዚያ የጾም ማዕዱን አወፍሪለት። ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የሰሊጥ፣ የለውዝ ቅቤ። ሽሮው ላይ ዘይት አትሰስቺ። የጾም ወጥ ስለሆነ ቀጭን መሆን የለበትም።

ለሕፃኗ ግን ጾም የለም። ይህን የምለው ብዙ ቤት ስላየሁ ነው። ልጅቷ እንደማትጾም ሁሉም ያውቃል፤ እናቲቱ ግን ድስቱና ማንኪያው «እንዳይፈሰክ» ብላ እንቁላሉን አትቀቅልም። ልጅቷ ሳትጾም ጾመች ማለት ነው። አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለእሷ ለዪላት። በገብያ ቀን ይገዛል፣ ነገሩ አለቀ። ገንፎዋ ከማንኪያ ተንጠልጥሎ የሚወርድ እንጂ እንደ ውኃ የሚፈስ አይሁን። የገብስና የሽምብራ ዱቄት ይቀላቀል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመር፣ ካሮት ወይም ጎመን ተፈጭቶ ይግባበት። እንቁላሉ በደንብ ይብሰል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትብላ። ጡትም አይቋረጥ፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ። በየወሩ የሚመዘነውን ክብደቷን ካርዷ ላይ ተከታተዪ። መስመሩ ሁለት ወር ከጋደመ አትጠብቂ። በወንዱ ጊዜ ይህን የሚነግርሽ አልነበረም፤ አሁን መስመሩን አንቺው ታነቢዋለሽ።

ቦታ ካለሽ ሁለት ሦስት ዶሮ ብታረቢ «ለማን ልስጥ» የሚለው ጥያቄ ይቀላል። ግን አደራ፣ ማታ ከእናንተ ጋር አይደሩ። በገጠር ኢትዮጵያ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ዶሮ ያላቸው ቤቶች ልጆች በቁመት የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ዶሮዎቹ ቤት ውስጥ የሚያድሩባቸው ቤቶች ልጆች ግን በአንጻሩ ተጎድተዋል። ሕፃን መሬት ላይ ስትድህ ኩሱን በእጇ ወደ አፏ ትወስደዋለች፤ ተቅማጡ ከዚያ ነው። ትንሽ ቆጥ ከውጭ ይሠራ፤ ባለቤትሽ በአንድ እሑድ ይጨርሰዋል።

ስለ «ድንክ» የሚለው ስድብ ነው የምጨርሰው። ልጁን ጎረቤት ባለበት አትለኪው። ከአጎቱ ልጅ ጋር አታስተያዪው። «ብላ፣ ታጥራለህ» አትበዪው፤ ምግቡ ቅጣት ይሆንበታል። በምትኩ አባቱ ያናግረው። ወንድ ልጅ ስለ ሰውነቱ ከአባቱ የሚሰማው ይለያል። «እኔም ዘግይቼ ነው የረዘምኩት» ቢለው፣ እውነት ከሆነ፣ ለልጁ ትልቅ ነገር ነው። መዘግየት በዘርም ይወርዳልና ባለቤትሽን ጠይቂው፤ ለሐኪሙም ይጠቅማል። ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋርም ተነጋገሪ። ስድቡን መምህሩ ካልሰማው አይቆምም። ሰፈር ውስጥ ከታናናሾቹ ጋርም ቢሆን ኳሱን ይጀምር።

መለካቱን በሦስት ወር አንዴ አድርጊው። ጫማ ሳይኖር፣ ተረከዙ ግድግዳ ነክቶ፣ አናቱ ላይ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ፣ ሁልጊዜ ጠዋት። ሰው ቀን ውሎ ማታ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያጥር ሰዓቱ ይመሳሰል። ምልክቱን እሱ ራሱ በእርሳስ ያድርግ፣ ቀኑንም ይጻፍበት። ከታች በኩል ለእህቱም ቦታ ይተውላት። በሦስት ወር ሁለተኛውን ምልክት ስታደርጉ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ የልጅቷንም ክብደት ከካርዷ ላይ ጨምሪበት። አብረን እናየዋለን።